ቃለ ጉባኤ ያዢልን

ሴት እንዳትመራ ትከለከላለች የሚል ሰው ካለ፣ ማርች 8 ቀን መሥሪያ ቤታችን ይምጣና ይፈር። ባነሩ ከዋዜማው ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ድፎው ይቆረሳል። አለቃችንም "ከእያንዳንዱ ስኬታማ ወንድ ጀርባ ሴት አለች" ይላሉ። ውሸት የለበትም፤ ከኋላቸው ቡና የሚያፈሉት የበዓሉ ባለቤቶች ናቸው።

አንዲት ባልደረባችን የመምሪያው ተወካይ ኃላፊ ከተባለች ሦስት ዓመቷ ነው። ሥራው ሙሉ ነው፤ ጥፋት ሲገኝ ተጠያቂነቱም ሙሉ ነው። የጎደለው ሹመቱና ደመወዙ ብቻ ነው። "ትንሽ እንያት" ተብሏል። ከእሷ ጋር የተወከለው ወንድ ግን በሁለተኛው ወር ጸደቀለት። እሱን ማየት አላስፈለገም፤ ማታ ማታ ክትፎ ቤት በደንብ ታይቷል።

በስብሰባ ላይም ክብሯ አልተጓደለም፤ "ጽሑፍሽ ያምራል፣ ቃለ ጉባኤ ያዢልን" ትባላለች። ያቀረበችው ሐሳብ ሰሚ ያጣና፣ አጠገቧ ያለው ሰውዬ ድምፁን ጎርነን አድርጎ ሲደግመው ይጨበጨባል። በእሱ ስም የምትመዘግበውም ራሷ ናት። ዋናው ጉዳይ የሚወሰነው ደግሞ 12 ሰዓት ላይ፣ "ልዩ ልዩ" በሚለው አጀንዳ ነው፤ እሷ ልጇን ከማቆያ ልታመጣ ስትሮጥ። በማግስቱ "ቁርጠኝነት ይጎድላታል" ይባላል።

ሕጉም ቢሆን አግዞናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ሲሰጥ፣ ለአባት 3 ቀን በቂ ነው ብሏል። ልጁ የማን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማን ያስረዳ! ስለዚህ ለኃላፊነት ስትወዳደር "ለመውለድ አስበሻል?" ብለን እንጠይቃታለን። የአራት ልጆች አባት የሆነውን ተወዳዳሪ ግን እንዲህ ባለ ነገር አናስቸግረውም።

"ሴቶቹንማ ብንፈልግ፣ ብቁ ከየት ይምጣ?" ይላሉ አለቃችን። በጥቅምት 2011 ከ20 የካቢኔ አባላት 10ሩ ሴቶች ሲሆኑ፣ መከላከያ ሚኒስቴርን ሳይቀር ሴት ስትረከብ፣ በዚያው ወር ሣህለወርቅ ዘውዴ ርዕሰ ብሔር ሲሆኑ አገር አይቷል። ብቁ ሴት የጠፋችው እኛ ሕንፃ ውስጥ ብቻ ነው፤ ያውም ሦስት ዓመት ሙሉ መምሪያ እየመራች።

እባካችሁ፣ የዘንድሮው ቲሸርት ይቅር። በእሱ ፈንታ "ተወካይ" የምትለዋን ቃል የሚያነሳ የሁለት መስመር ደብዳቤ ይጻፍ። ቃለ ጉባኤውን አለቃችን ይያዙት፤ ጽሑፋቸው ባያምርም ችለን እናነበዋለን።