ጳጉሜን የማያውቅ ሰዓት

ሰዓት ለማወቅ ብሎ የእጅ ሰዓት የሚያስር ሰው ዛሬ ያለ አይመስለኝም። ስልኩ ይነግረዋል፤ ስልኩ ባትሪ ቢጨርስ የታክሲው ሬዲዮ ይነግረዋል፤ ሬዲዮው ቢዘጋ ደግሞ ረዳቱ «ሰዓት ሄደ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ!» እያለ ይነግረዋል። ሰው ሰዓት የሚያስረው ለሌላ ጉዳይ ነው። ጉዳዩ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን በቀጥታ አይናገርም፤ እኔም አልናገርም። ብቻ የአባቴ ኦሜጋ ቀን መቁጠር ያቆመች ጊዜ ቤታችን ውስጥ የተነሣው ክርክር ለርስትም የሚበዛ ነበር። ትጠገን ወይስ ትለወጥ?

ኦሜጋ ሲማስተር ናት። የጀርባ ክዳኗ ሲከፈት 565 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ማሽን ይታያል፤ ይህ ማሽን መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። 24 ሩቢ ድንጋዮች አሏት። ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ ሀብታም የሆንን መስሎኝ ነበር። ሩቢ መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ቨርኑይ የሚባል ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1902 ዘዴውን ይፋ ካደረገ ወዲህ የሰዓት ሩቢ በእሳት የሚሠራ እንጂ ከተራራ የሚቆፈር አይደለም፤ 24ቱ ተደምረው ግማሽ ኪሎ ሥጋ የሚገዙ አይመስለኝም። ባትሪ የሚባል ነገር የላትም። የሚሞላት የክንድ እንቅስቃሴ ነው። ሁለት ቀን ያህል ያለ እንቅስቃሴ ትታገሣለች፤ ከዚያ በላይ ሶፋ ላይ ከዋልኩ ስንፍናዬን አደባባይ አውጥታ ቀጥ ትላለች።

አባቴ የገዛት በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ፣ ከፒያሳ ነው። በስንት ብር እንደገዛት ለእናቴ ነግሯት አያውቅም፤ እሷም ጠይቃው አታውቅም፤ ትዳራቸው የጸናው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። በ1969 ዓ.ም. የቤት ለቤት አሰሳ ሲመጣ በርበሬ ጣሳ ውስጥ ገብታ አመለጠች። አሳሹ ጣሳውን ከፍቶት ነበር አሉ፤ ሦስቴ አነጠሰና መልሶ ከደነው።

አሁን ወደ በሽታዋ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፣ ነገሩ ሒሳብ አለበት።

አብዛኞቻችን ሰዓታችንን በፈረንጅ እንሞላና ትይዩውን እናነባለን። ልዩነቱ 6 ሰዓት ስለሆነ ቆጣሪው ስምንት ላይ ሲሆን «ሁለት ሰዓት» እንላለን፤ ሕፃን ሳለን የለመድነው ስለሆነ የሚገርመን ሌላው ሰው ሲገርመው ብቻ ነው። አባቴ ይህን አይቀበልም። «ሁለት ሰዓት ሲሆን ስምንት የሚል ሰዓት ውሸታም ነው» ይል ነበር። ስለዚህ ሁለት ሲሆን ሁለት ላይ አደረጋት። ከዚህ የተነሣ የቀኗ ቁጥር የሚለወጠው እንደ ፈረንጁ እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሆነ። አባቴ በዚህ ይኮራ ነበር። ቀን ሲነጋ እንጂ ሰው ተኝቶ ሳለ ይለወጣል እንዴ?

ቀኑንም ያው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነበር የሚከተልባት። ስዊሶቹ ደግሞ በየወሩ እስከ 31 እንድትቆጥር አድርገው ነው የሠሯት። የ565 ማሽን ቀኑ ከሰዓቱ ተለይቶ የሚለወጠው መሙያዋ እስከ መጨረሻው ወደ ውጭ ሲሳብ ነው፤ አንድ ጊዜ ሳብ፣ አንድ ቀን። በፈረንጅ አቆጣጠር የሚኖር ሰው በዓመት 7 ጊዜ ቢስባት ይበቃዋል፤ 3ቱ ለየካቲታቸው፣ 4ቱ ባለ 30 ለሆኑት ወሮች። በእኛ ግን 12ቱም ወር 30 ስለሆነ 31ን ለመዝለል 12 ጊዜ መሳብ አለ። ቀጥሎ ጳጉሜን ትመጣለች። ጳጉሜን 5 ቀን ኖራ ስትወጣ ሰዓቷ «6» ብላ ትነጋለች፤ ከ6 ተነሥቶ መስከረም 1 ለመድረስ 26 ጊዜ መሳብ ያስፈልጋል። በድምሩ በዓመት 38።

የእንቁጣጣሽ ጠዋት እስከ ዛሬ በዓይኔ አለ። ልጃገረዶች ደጅ ላይ «አበባየሆሽ» ይላሉ፣ እናቴ ቄጠማውን ትጎዘጉዛለች፣ አባቴ ጋቢውን እንደለበሰ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ መሙያዋን በጥፍሩ ይስባል። ቀጭ። ሰባት። ቀጭ። ስምንት። በዚያ ሰዓት ሰው ቢያናግረው አይመልስም፤ ከቆጠራው ያስወጡታልና። አንድ ጊዜ 1ን አልፎ 2 ላይ ደርሶበት ዙሩን ሙሉ ከዜሮ ሲጀምር ቡናው ቀዘቀዘ። ከእሱ በኋላ ሥራው ለእኔ ተላለፈ፤ እኔም ሳብኳት። ባለፈው የወር መጨረሻ 31 ላይ ደርሳ ስስባት እንቢ አለች።

ሰዓት ሠሪያችን ድሮ ፒያሳ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ተነሥተው አሁን አንድ ፎቅ ደረጃ ሥር፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ቦታ ላይ ተቀምጠዋል። ክዳኗን ከፈቱ፤ ማጉያ መነጽሯን ዓይናቸው ውስጥ ሰክተው ጎንበስ አሉ። ቁርጥራጩን በወረንጦ እያነሡ ነጭ ወረቀት ላይ ያኖሩና የሻይ ብርጭቆ ገልብጠው ይደፉበታል፣ ትንፋሽ እንዳይወስደው። እኔም ሳልታዘዝ ትንፋሼን ያዝኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ይቺን ሰዓት ማን ነው እንዲህ የጎተታት?»

«አባቴ ናቸው፣ ጋሼ።»

«ምን በድላቸው?»

ጳጉሜንን አስረዳኋቸው። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ስንት ዓመት የፈረንጅ ሰዓት ሲጠግኑ በጳጉሜን የሞተ አይተው አያውቁም።

ምርመራው እንዲህ ሆነ፦ ዘይቷ ደርቋል፣ ሞላዋ ደክሟል፤ እነዚህ በአንድ ሳምንት የሚያልቁ ናቸው። ቀኑን የምትገፋዋ ጥርስ ግን ተበልታ ተበልታ ተሰብራለች፤ ስብርባሪዋም ሌላውን ይዞታል። ለዚህ ማሽን አዲስ መለዋወጫ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ የምትገኘው ከሌላ ከሞተች 565 ነው። «ሟች እስክናገኝ ድረስ ቀኗን ነቅዬ ላስቀምጥልህ?» አሉኝ። ቆጣሪውን በማዞርስ ቀኑን መለወጥ አይቻልም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ጥርሷ ብትነቀልና ቀሪው ቢሠራ ይቻላል፤ ግን ለአንድ ቀን ደቂቃ ቆጣሪውን 24 ዙር ማዞር ነው። ለእንቁጣጣሹ 26 ቀን 624 ዙር ይሆናል። በዚያ ጠዋት ዶሮ ወጡም አይደርስ።

በዚህ መሐል የአጎቴ ልጅ ከዱባይ መጣ። ክንዱ ላይ ያለው ነገር በሩን ከእሱ ቀድሞ ገባ።

«ጋሽዬ፣ ይህን እስካሁን ቁራሌው አልወሰደውም?» አለና ሳቀ። ቀጥሎ ግን ቁም ነገሩን አመጣ፦ እዚያ አሮጌ ኦሜጋ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፤ እሷን ሸጦ፣ ላዩ ላይ ጨማምሮ፣ አዲሱን ሲማስተር መግዛት። አዲሱ ሲማስተር 300 ሜትር ጥልቅ ውኃ ውስጥ ይሠራል አለኝ። አሰብኩት። በአገራችን ጥልቁ ሐይቅ ሻላ ነው፤ 266 ሜትር። መሐል ላይ ብሰጥም ሰዓቱ 34 ሜትር ይተርፈዋል፤ እኔ አልተርፍም። 15,000 ጋውስ ማግኔትም ይችላል አለኝ። ይህ 1.5 ቴስላ ማለት ነው፤ ብዙ ሆስፒታል ያለው ኤምአርአይ ልክ ያንኑ ያህል ነው። አስሬው ብገባ ሰዓቱ ጤነኛ ሆኖ ይወጣል። የእኔን ውጤት ሐኪሙ ይናገራል።

ባለቤቴ በበኩሏ አጭር ሐሳብ አቀረበች፦ «ሰዓቱ ከሚሻሻል ወጥ ቤቱ ይሻሻል። ለሰዓት ከሆነ መርካቶ ባለ ባትሪ ሞልቷል፣ ከዚህች ይልቅ ትክክል የሚቆጥር።» እውነቷን ነው። የኦሜጋዬ ልብ በሰከንድ አምስት ተኩል ጊዜ ሲመታ፣ የባለ ባትሪው ኳርትዝ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። ይህን ቁጥር ግን ባለቤቴ አታውቀውም፤ እኔም አልነገርኳትም።

አዲሱን ከመግዛት ያገደኝ ብር ብቻ ነው ብትሉ አልቀየማችሁም። ግን ሌላ ነገርም አለ። ይህ ከተማ ሰዓት የሚመዝነው ከክንድ አይደለም፣ ከመኪና ነው። ከላንድክሩዘር የወረደ ሰው ክንድ ላይ ያለ ፎርጅድ ሮሌክስ ኦሪጅናል ነው፤ ከሚኒባስ የወረደ ሰው ክንድ ላይ ያለ ኦሪጅናል ደግሞ ፎርጅድ ነው። ካርኒ አንጠልጥዬ ልዙር? ያን ሁሉ ብር ከፍዬ፣ ረዳቱ መልስ እየሰጠኝ «ፋዘር፣ አሪፍ ኮፒ ነው፣ ከየት ገዛሃት?» እንዲለኝ? አሮጌዋን ግን ማንም አይጠረጥርም። ይህን ያህል ያረጀ ነገር ፎርጅድ የሚያደርግ የለም።

ደግሞስ ማሻሻል ከተባለ እስከ የት ነው? የሰዓት ማሻሻል ጫፉ ወርና ዓመትን ራሱ አስልቶ የሚለውጥ ነው፤ ባለ 28ና ባለ 29 የካቲትን ሁሉ ሳይነገረው የሚያውቅ። ጃንሆይ እንዲህ ያለች ፓቴክ ፊሊፕ ነበረቻቸው፤ 2497 የሚባለው ዓይነት፣ ወርቅ። እ.ኤ.አ. በ2017 ክሪስቲስ ጄኔቫ ላይ ለጨረታ አቅርቦ የባለቤትነት ጥያቄ ሲነሣ መልሶ አወጣት። ወሬውን ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ የሰዓቷ ዋጋ አልነበረም፤ ንጉሠ ነገሥቱም ቢሆኑ ጳጉሜን ላይ እንደ አባቴ ነበሩ ማለት ነው። ያን ሁሉ የምታሰላ ሰዓት 13ኛ ወር አለ ቢሏት አታምንም።

እዚህ ላይ ስዊሶቹን እታዘባቸዋለሁ። ብላንፓ እ.ኤ.አ. በ2012 የቻይናን የጨረቃ አቆጣጠር የሚከተል የእጅ ሰዓት አወጣ፤ ፓርሚጃኒ የሂጅራውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 ጄኔቫ ላይ የፈጠራ ሽልማት ወሰደበት። ሁለቱም ራስ የሚያዞሩ አቆጣጠሮች ናቸው። የእኛ እኮ ቀላል ነው! 12 ጊዜ 30፣ ከዚያ 5፣ በ4 ዓመት አንዴ 6። በቃ። ከዚህ የቀለለ አቆጣጠር ያለው አገር ያሳዩኝ። አንድ ጥርስ ቢጨምሩ ምን ይጎድልባቸዋል?

እናም ወሰንኩ፤ ትጠገን። ጥገና ሲባልም ገደብ አለው። አንድ ሌላ ሱቅ ውስጥ ያለ ወጣት «ፊቷን እንደ አዲስ ቀብተን፣ ብረቷን ሞርደን፣ ቆጣሪዎቿን ቀይረን...» ሲለኝ ነጥቄው ወጣሁ። ከዋናው አካሏ ታርጋዋ ብቻ የቀረ ቮልስዋገን ሊያደርጋት ነበር። የሚያውቁ ሰዎች የተቀባ ፊትና የተሞረደ ብረት ያለው አሮጌ ሰዓት ዋጋው እንደሚወድቅ ይናገራሉ፤ እኔ ደግሞ አባቴ የሚያውቃትን ፊት ነው የምፈልገው፣ በ«ኦሜጋ» ጽሑፏ ሥር ያለችውን ቡናማ ነጠብጣብ ጭምር። እናቴ ትሁን በርበሬው ያመጣት አላውቅም።

ጋሼ በቤንዚን አጠቧት፣ ዘይት ቀቧት፣ ሞላዋን ለወጡላት። የተሰበረችውን ጥርስ በሲጋራ ወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች። ሰዓቷ አሁን ትሄዳለች፣ በቀን ጥቂት ሰከንድ ትፈጥናለች፣ ሁለት ሲሆን ሁለት ትላለች። ቀኗ ግን 31 ላይ እንደቆመ ነው። በእኛ አገር በዓመት አንድም ቀን ልክ የማይሆን ቁጥር!

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፦ መሳቢያህ ውስጥ፣ ወይም ያያትህ ሣጥን ውስጥ፣ የሞተች ኦሜጋ ካለች ጀርባዋን ለሰዓት ሠሪ አስከፍተህ ቁጥሯን እይልኝ። 565 ከሆነች አትጣላት፣ ለቁራሌውም አትስጣት። በዋጋ አንጣላም። ጳጉሜን ሳትገባ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል።