ሦስት ቀናተኞች በአንድ ጣራ ሥር

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ያለ ኃጢአት የሚደሰትባቸው ነገሮች ጥቂቶች ናቸው፤ ከነዚሁም ጥቂቶች ሦስቱን፣ ይኸውም መጽሐፍ ማንበብን፣ ቡናን በወጉ መጠጣትንና ዜማን ተቀምጦ ማዳመጥን፣ እኔ የራሴ ድርሻ አድርጌ ይዣቸዋለሁ። ሦስቱም ማንንም አይጎዱም፤ ገንዘብም ከአቅም በላይ አያስወጡም (በዚህ በኋለኛው ነገር ባለቤቴ የተለየ አሳብ አላት)፤ በየተራቸው የመጡ እንደ ሆነም ደጋግ እንግዶች ናቸው። ዳሩ ግን ፍጥረታቸው እጅግ ቀናተኛ ስለ ሆነ፣ ባንድ ሰዓት በአንድ ወንበር ዙሪያ የተገናኙ እንደ ሆነ፣ አንዱ የሌላውን ድርሻ ሳይቀማ ውሎ አያውቅም።

የመጽሐፍና የዘፈን ጠብ በተለይ በእኛ አገር ምክንያቱ ግልጥ ነው። ቋንቋው የማይገባው ዘፈን አንባቢን ብዙ አያውከውም፤ የአማርኛ ዘፈን ግን ሰምና ወርቅ ይዞ የሚመጣ በመሆኑ፣ ጆሮ ሰሙን ሰምቶ ሊያልፍ ቢሞክር ልብ ወርቁን ፍለጋ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ልብም ወርቁን ቆፍሮ እስኪያወጣ ድረስ ዓይን በዚያው በአንድ መስመር ላይ ሲመላለስ ይቆያል። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙትን «አደፍርስ»ን የሞከረ ሰው እንደሚመሰክረው፣ ያ መጽሐፍ አንባቢው አሳቡን ሰብስቦ በፍጹም አርምሞ ሲቀርበው እንኳ ምሥጢሩን በቀላሉ የሚሰጥ አይደለም፤ እንግዲህ በዚህ ላይ ጥላሁን ገሠሠ በዚያ አጥንት ሰርስሮ በሚገባ ድምፁ ከወዲያ ማዶ ሲጣራ፣ ምስኪኑ አንባቢ ከሁለቱ ለማንኛው ይታዘዝ? እኔ እንደ ሆነ ሁልጊዜ የታዘዝሁት ለጥላሁን ነው፤ መጽሐፉም ዕልባቱ ካረፈበት ቦታ ሳይነቃነቅ ክረምትና በጋ ተፈራርቀውበታል።

ስለዚህ ቃል የሌለው ዜማ ይሻላል ብዬ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ መረጥሁ። እኒህ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ በሕፃንነታቸው በስዊስ አገር የተማሩ፣ በኋላም መንነው በኢየሩሳሌም ገዳም ብዙ ዘመን የኖሩና በ2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ99 ዓመታቸው ያረፉ መነኩሲት ናቸው፤ በዜማቸው ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑ አራራይና የፈረንጁ ትምህርት ሳይጣሉ አብረው ይሄዳሉ። ቃል ስለሌለው በእርግጥ ንባብን አያቋርጥም። የሚያደርገው ከዚህ የባሰ ነው፤ አንባቢውን በቀስታ ክንዱን ይዞ ወደ መስኮቱ ይወስደዋል፤ በዚያም ያቆመውና የሞቱ ዘመዶቹን፣ የድሮ ትምህርት ቤቱን፣ ያልመለሰውንም ብድር ሳይቀር አንድ በአንድ ያሳስበዋል። ከዚህ ሁሉ ተዘክሮ በኋላ ወደ ልብ ወለድ መመለስ እንዴት ይቻላል?

በሸክላ የሚያዳምጥ ሰው ደግሞ ሌላ መከራ አለበት። በአገራችን የሸክላ ታሪክ ከመነሻውም ሰው ላንድ ጉዳይ ሄዶ ሌላ ጉዳይ ይዞ የመመለሱ ታሪክ ነው፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በአፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የአውቶሞቢልን ነገር ተምረው እንዲመጡ ወደ ጀርመን ቢላኩ፣ በርሊን ላይ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸው ተመልሰዋልና። ከዚያ ስድሳ ዓመት ያህል ቆይቶ አምሃ እሸቴ በስሙ የሚጠራውን የሸክላ ማሳተሚያ ሲያቋቁም፣ ዛሬ የምንሻማባቸው እነዚያ ትንንሽ ሸክላዎች ወጡ። በደቂቃ 45 ጊዜ የምትዞረው ሸክላ እጅግ የተወደደች ብትሆንም፣ ባንድ ገጿ የምትይዘው የሦስት ወይም የአራት ደቂቃ ዘፈን ብቻ ስለ ሆነ፣ አንባቢ መነጽሩን አስተካክሎ፣ ትራሱን አመቻችቶ፣ የመጀመሪያውን አንቀጽ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ሲሻገር መርፌው መሐል ላይ ደርሶ ይንኳኳል። ተነሥቶ መገልበጥ ነው። እኔ የመጽሐፌን አንድ ገጽ ሳልገልጥ የሸክላውን ገጽ ሁለት ጊዜ የምገለብጥበት ቀን ብዙ ነው፤ ለጉልበቴ መልካም እንደ ሆነ ሐኪም ነግሮኛል፤ ለሥነ ጽሑፍ ግን አልበጀም።

ቡና ከሁለቱም ይከፋል። ሙዚቃ ጆሮን፣ መጽሐፍ ዓይንን ሲጠይቁ፣ ይህ ስፔሻሊቲ የሚባለው ቡና እጅን፣ አፍንጫን፣ ምላስን፣ ሰዓትንና የሒሳብ ዕውቀትን ባንድነት ይጠይቃል። ኤርና ክኑትሰን የተባሉ በአሜሪካ የቡና ነጋዴ የነበሩ ሴት ስሙን እ.ኤ.አ. በ1974 አወጡለት፤ በኋላ በተለመደው መመዘኛም ቡና በቀማሾች ፊት ቀርቦ ከመቶ ቢያንስ 80 ነጥብ ካላገኘ ወደዚህ ማዕረግ አይገባም። ከይርጋጨፌ፣ ከሲዳማና ከጉጂ የሚሄደው ቡናችን ይህን ፈተና እየደጋገመ ሲያልፍ እሰማለሁ፤ እኔ በትምህርት ቤት ሳለሁ በሒሳብ ያላየሁትን ነጥብ የአገሬ ቡና ሲያገኝ ደስ ይለኛል።

አንድ ወዳጄ ከውጭ አገር ሲመለስ ወረቀት የሚነጠፍበት የቡና ማጥለያ፣ ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን፣ አንድ ቴርሞሜትርና አንድ መመሪያ አመጣልኝ። መመሪያው ከፍትሐ ነገሥት የማይተናነስ ጥብቅ ነው፤ ቡናው 15 ግራም፣ ውሃው 250 ግራም ይሁን፤ ከሦስት ደቂቃ ብዙ አይለፍ፤ ውሃውም እንደ ፈላ ወዲያው እንዳይጨመር፣ ጥቂት ታግሦ ሙቀቱ ከ100 ወደ 94 ዲግሪ ሲወርድ ይፍሰስ ይላል። የመመሪያው ጸሐፊ ይህን ሲጽፍ በባሕር ዳርቻ ተቀምጦ እንደ ነበር አያጠራጥርም፤ ምክንያቱም አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች፣ በአየሩ መሳሳት የተነሣ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ውሃዬ ይፈላል፣ ይንተከተካል፣ ክዳኑን እያነሣ ይጥላል፣ በእንፋሎት ሊያልቅም ይቃረባል፤ ቴርሞሜትሩ ግን ከ92 ነቅነቅ አይልም። እንግዲህ ወዳልወጣበት ሙቀት እንዴት ይውረድ? መመሪያውን በትክክል ልፈጽም ብል ማንቆርቆሪያዬን አንጠልጥዬ ወደ ምጽዋ መውረድ ሊኖርብኝ ነው። ይህን ሁሉ የፊዚክስ ሐተታ ለባለቤቴ ሳስረዳት በትዕግሥት ከሰማችኝ በኋላ፣

«ታዲያ ጀበናው ይኸን ሁሉ ዘመን እንዴት አፈላው?» አለችኝ።

«ጀበናው ቴርሞሜትር ስለሌለው ነው» አልኋት። መልሱ ለእኔ እጅግ ያማረ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ጽፋ አላስቀመጠችውም።

ቡናው ከወረደ በኋላ ደግሞ ትርጓሜው ይመጣል። በከረጢቱ ላይ «የጃስሚን አበባ፣ የሎሚ ልጣጭ፣ የኮክ ፍሬ» ተብሎ ተጽፏል፤ ጠጪው እነዚህን ሁሉ ከስኒው ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ግዴታው ነው። የአንድምታ መምህራን አንዱን ኃይለ ቃል ይዘው፣ አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እያሉ ምሥጢሩን እንደሚያራቁት፣ እኔም ስኒዬን ይዤ፣ አንድም አበባ ነው፣ አንድም ሎሚ ነው፣ አንድም ኮክ ነው ስል ቡናው ይበርዳል። ደግነቱ ስፔሻሊቲ ቡና ሲበርድ ጣዕሙ ይበልጥ ይገለጣል ተብሎ ተጽፏል፤ ይህችን አንቀጽ የጻፈውን ሰው እግዚአብሔር ይባርከው። እውነተኞቹ ቀማሾችማ ሥርዓታቸው የተለየ ነው፤ በየስኒው ውሃ ከተሞላ አራት ደቂቃ ያህል ቆይተው፣ ከላይ የሰፈፈውን በማንኪያ ገልጠው ያሸቱታል፤ ቀጥሎም ከማንኪያው ላይ በታላቅ ድምፅ ምገው፣ በአፋቸው አዙረው፣ ይተፉታል። በእናቴ ቤት ቡናን እንዲህ እያፏጨ የሚስብ ልጅ ዋጋው ቁንጥጫ ነበር፤ የተፋውን ልጅ ዋጋ ለመናገር ግን ምሳሌ የለኝም፤ እንዲህ ያለ ደፋር በሰፈራችን አልተወለደምና።

ባንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ቀናተኞች ላስታርቅ ቆርጬ ተነሣሁ። መጽሐፉን በጭኔ፣ ማጥለያውን በስተቀኜ፣ የሸክላ ማጫወቻውን በስተግራዬ አስቀምጬ በሩን ዘጋሁ። በሩ መዘጋቱ ነበር ነገሩን ያመጣው። በእኛ ሰፈር ቡና ሸቶ በር ከተዘጋ፣ ወይ ለቅሶ አለ ወይ ጠብ አለ ማለት ስለ ሆነ፣ ከጎረቤት ያሉት እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሁለት ሴቶችም አስከትለው፣ «ደኅና ናችሁ ወይ ልጆቼ?» እያሉ ገቡ። ማጥለያዬንም አዩ።

የእማማን አስተያየት ለመረዳት ትንሽ ታሪክ ማስታወስ ያስፈልጋል። በሰሜኑ ክርስቲያን ዘንድ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ድረስ ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ ይነቀፍ ነበር፤ ካህናቱም አጥብቀው ይከለክሉት እንደ ነበር ተጽፏል። ዛሬ የንስሐ አባት ወደ ቤት ሲገቡ አቦሉ የሚቀዳው ለእሳቸው ነው። እንግዲህ ያ ጥንታዊ ጥርጣሬ ጨርሶ ያልጠፋ፣ ከጀበናው ተነቅሎ ወደ ወረቀት ማጥለያ የተዛወረ መሰለኝ፤ እማማ ዕቃውን የተመለከቱት የዚያን ጊዜ ቄስ ስኒን በሚመለከትበት ዓይን ነበርና። ቀጥለውም ከከረጢቱ ጥቂት ፍሬ በመዳፋቸው ዘግነው ወደ ብርሃን አቀረቡት። ስፔሻሊቲ ቡና ጠረኑ እንዳይጠፋ ተብሎ ለዘብ ተደርጎ ስለሚቆላ መልኩ ዳማ ነው።

«ይኸ ቡና አልተቆላም» ብለው ፈረዱ።

በፈረንጅ ጉባኤ ፊት ከመቶ ሰማንያ ምናምን ነጥብ ያገኘው ቡና በብረት ምጣድ ላይ ዳግመኛ ለፍርድ ቀረበ። ከሰሉ ተቀጣጠለ፤ ረከቦቱ ወጣ፤ ዕጣኑ ጤሰ፤ ዘነዘናው ሙቀጫውን ሲመታ የማጫወቻዬ መርፌ በየምቱ ይዘል ጀመር። አቦሉ ሲቀርብ ቀመስሁት። ጃስሚኑ ወጥቶ ሄዷል፤ ኮኩም የለም፤ በቦታቸው የገቡት ጢስና ጤና አዳም ናቸው። ከማጥለያው ቡና ይሻላል ወይስ አይሻልም ብትሉኝ፣ አልዋሽም፣ የማጥለያው ይሻላል፤ ነገር ግን ይህን ፍርዴን በዚያ ጉባኤ ፊት ለመናገር የሰማዕታት ጽናት ያስፈልግ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያንጊዜ የነበረኝ ጽናት ሁለተኛ ስኒ ለመቀበል ብቻ የሚበቃ ነበር።

መጽሐፌን ቀስ ብዬ ብገልጥ፣ «ምን ይላል?» አሉኝ እማማ።

ዓይንን ብቻ እያስኬዱ ዝም ብሎ ማንበብ በእሳቸው ዘንድ ንፉግነት ነው፤ አይፈረድባቸውም። ዳዊት በዜማ ሲደገም፣ ገድል ለምእመናን ሲነበብ፣ ደብዳቤም ማንበብ በሚችለው በአንዱ አፍ ለመላው ቤተ ሰብ ሲሰማ ያደጉ ናቸው። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያወጡትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንኳ አያሌ ሰው ያወቀው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከራዲዮ ነው፤ እማማም በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ሥጋ ዘመዶቻቸው ያውቋቸዋል፤ መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው ግን አያውቁም። ስለዚህ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላቸው። ለብቻዬ ቢሆን ባልፈታሁት አንድ አንቀጽ ላይ ሦስት ሴቶች እየተከራከሩ አብራሩት፤ ከዚያ በኋላ ግን ከአንቀጹ አልፌ እንድሄድ አልፈቀዱልኝም፤ ውዝግቡ ወደ አንዲት የሰፈር ሴት ጋብቻ ተሻግሮ ነበርና።

በዚህ መካከል ሸክላው ይዞራል። ለዚያ ቀን የመረጥሁት የዮሐን ሰባስቲያን ባህን የቡና ካንታታ ነበር፤ ባህ በላይፕሲግ ከተማ የቤተ ክርስቲያን የዜማ መምህር ሆኖ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1734 ገደማ፣ በዚያው ከተማ ቡና ቤት ለሚጫወት ማኅበር ብሎ የደረሰው ነው። ቶናው ሲቀዳ እማማ ጆሯቸውን አቅንተው፣

«ይኸ ሰውዬ ማንን ነው የሚቆጣው?» አሉ።

«ልጁን ነው፤ ቡና አልተው ብላው» አልሁ፤ ነገሩንም ዘርዝሬ አወጋኋቸው። አባትዬው ሽሌንድሪያን ይባላል፤ ልጁ ሊስገን በቀን ሦስት ጊዜ ቡናዋን ካልጠጣች ደርቃ እንደምትቀር ትናገራለች፤ አባት ሽርሽር እከለክልሻለሁ ይላል፣ ልብስ አልገዛልሽም ይላል፣ አትበገርም፤ በመጨረሻ ባል አታገኚም ሲላት፣ እሺ ተውሁ ብላ ታታልለውና፣ በስውር ግን በጋብቻው ውል ላይ ቡና እንዳሻት እንድታፈላ የሚፈቅድ ቃል ያላስገባ ሰው እንዳያጫት ታስነግራለች።

ጉባኤው ጥቂት ዝም አለ።

«ሦስት ጊዜ?» አሉ እማማ ስኒያቸውን እያኖሩ። «አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነዋ! ልጂቱ ሥርዓት ታውቃለች፤ አባትዬው ነው ያላደገበት።»

ከተከተሏቸው ሴቶች አንደኛዋ በውሉ ነገር እጅግ ተደስታ፣ እንዲህ ያለው ቃል በእኛም አገር ቢገባ ስንት ትዳር ይድን እንደ ነበር ተናገረች። ሁለተኛዋ እናቲቱ የት ሄዳ ነው ብላ ጠየቀች፤ እኔም በድርሰቱ ከሚዘፍኑት መካከል እናት እንደሌለች ባስረዳ፣ ሦስቱም ባንድነት ከንፈራቸውን መጠጡ፤ የባህም ድርሰት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቀልድነቱ ቀርቶ የሙት ልጅ ታሪክ ሆነ። እማማ ግን ያልዋጠላቸው ሌላ ነገር ነበር።

«ለአባትዬው ሽማግሌ ሳይልኩበት ነገሩን አውጥተው ዘፈን ማድረጋቸው ነውር ነው» አሉ። «አንድ ቄስ፣ አንድ ጎረቤት ቢላክ በበረካው ያልቅ ነበር።»

ባለቤቴ ጀበናውን ለሦስተኛ ጊዜ እየሞላች ወደ እኔ ዞረች። «በል እንግዲህ ዝም ብለህ አትቀመጥ፤ ሸክላውን ገልብጠውና ታረቁ እንደ ሆነ እንስማ።»