ስፖኪዮና ሜጋፒክስል

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ያለው ሰው ስለ ስፖኪዮ ሁለት ነገር ጠንቅቆ ያውቃል። ማታ በቦታው የነበረ ስፖኪዮ ጠዋት ላይገኝ ይችላል፤ አንዱ ይኸ ነው። ሌላው ደግሞ፣ የጠፋ ስፖኪዮ ከአገር አይወጣም። መለዋወጫ ከሚሸጥበት ተራ ጎራ ብሎ ያፈላለገ ሰው፣ ጥጉ ላይ የገዛ ልጁ በሚስማር የጫረችበትን ስፖኪዮ ሊያገኝ ይችላል። ሲያገኝም «ይኼ የኔ ነው!» ብሎ አይጮህም። «መጨረሻው ስንት ነው?» ነው የሚለው። ተከራክሮ ይገዛና ይገጥመዋል። ልክክ ብሎ ይገባል፤ የራሱ ነዋ!

የኛ ቤት የካ ተራራ ግርጌ ነው። ግቢያችን ውስጥ የሚከራዩ ሰርቪስ ክፍሎች ስለሠራንበት መኪናዋ ውጭ፣ አጥር ጥግ ታድራለች። ስፖኪዮዋ ዳግመኛ በሄደ ሰሞን ቤተሰቡ ቡና ላይ ተሰብስቦ «ካሜራ ይሰቀል» ሲል ወሰነ። አወዳድሮ የመግዛቱ ኃላፊነት ለእኔ ተሰጠ። ባለቤቴ ምክንያቱን ስታስረዳ «እሱ ካልሲ እንኳ ሲገዛ ሱቅ ይዘጋበታል» አለች። ሙገሳ አድርጌ ወሰድኩት።

ካሜራ መሸጫ ሱቅ ውስጥ የመጀመሪያው ቃል «ኦሪጅናል» ነው። መገናኛም ይሁን መርካቶ፣ ኦሪጅናል ያልሆነ ካሜራ እሸጣለሁ የሚል ነጋዴ አላጋጠመኝም፤ አስመስሎ የተሠራውን የሚሸጠው ሁልጊዜ ጎረቤቱ ነው። አንዱ በሂክቪዥን ይምላል፣ ሌላው በዳሁዋ። ቤቴ ገብቼ ሳጣራ ሁለቱም በ2001 እ.ኤ.አ. ሀንግዡ በምትባል አንዲት የቻይና ከተማ የተመሠረቱ ሆነው አገኘኋቸው። ርካሽ ነው ብለው ያሳዩኝ ኢዝቪዝ ከሂክቪዥን ቤት የወጣ ነው፤ ኢሙ የሚባለውም ከዳሁዋ ቤት። ለካ ስንት ቀን ሳከራክር የሰነበትኩት አባትን ከልጁ፣ ጎረቤትን ከጎረቤቱ ጋር ነው።

ማወዳደር ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ ዶላር ግን ጊዜ አይሰጥም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ፣ «አስቤበት እመለሳለሁ» የሚል ገዢ እንደ ሞኝ ነው የሚታየው። «ዋጋው የዛሬ ነው» ይሉኛል። በማግስቱ ስመለስ ካሜራው ያው ነው፣ ሻጩም ያው ነው፤ ዋጋው ብቻ አድሮ አድጎ ይጠብቀኛል።

ወደ ፒክስሉ እንምጣ። አንድ ሻጭ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። ጎዳናው ንጹሕ ነው፤ የመኪናው ታርጋ ይነበባል፣ የአላፊ አግዳሚው ቅንድብ ይቆጠራል። «ይኼ ባለ 2 ሜጋ ነው ወንድሜ፤ 8ቱን ብታየውማ!» አለኝ። እኔ ግን ሒሳቡን ሠርቼ ነበር የሄድኩት። ለደኅንነት ካሜራ የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ የማያውቁትን ሰው በፊቱ ለመለየት በአንድ ሜትር ስፋት ላይ 250 ፒክስል ያስፈልጋል ይላል። ባለ 2 ሜጋፒክስሉ ወደ ጎን ያለው 1920 ነው። ለ250 ሲካፈል ስምንት ሜትር አይሞላም። እንግዲህ ካሜራው ፊት የሚለየው፣ የሚያየው ቦታ ከስምንት ሜትር እስካልሰፋ ድረስ ነው ማለት ነው። «ሰፊ ያያል» እየተባለ የሚሞካሸው ባለ 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ ደግሞ ከአጥር እስከ አጥር ስለሚዘረጋ፣ ያን ስፋት ገና ሦስት ሜትር ገደማ ላይ ይጨርሰዋል። ከዚያ ወዲያ የቆመ ሌባ፣ ሌባ መሆኑ ይታያል እንጂ የማን ልጅ እንደሆነ አይታወቅም። ባለ 4 ሚሊ ሜትሩ እይታው ጠበብ ይላል፤ በዚያው ልክ ፊት የሚለይበት ርቀት አንድ ሜትር ያህል ይጨምራል።

ወረቀቴን ለሻጩ አሳየሁት። አገላብጦ አየውና «ታዲያ ዝቅ አድርገህ ስቀለው» አለኝ። ዝቅ ካለማ ሌባው ስፖኪዮውን ትቶ ካሜራውን ነው የሚወስደው። ከፍ ካለ ደግሞ የሚቀረጸው ኮፍያ ነው። እኛ ሰፈር ሌሊት ይበርዳል፤ ሌባም ሰው ነው፣ ኮፍያ ያደርጋል። ኮፍያውን በ8 ሜጋፒክስል ጥርት አድርጌ አይቼ ምን ልሠራበት ነው? ክሩን ልቆጥር?

አንገቱን የሚያዞር ካሜራም አለ። የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ዞሮ ይከተላል፤ ሻጮች በጣም ይወዱታል፣ በየሱቁ ገዢውን ከበር እስከ ባንኮኒ እየተከተለ ይቀበላል። እኔም ወድጄው ነበር። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ግን «ሌቦቹ ሁለት ከሆኑስ?» አለ። አንዱ ከፊቱ ወዲያ ወዲህ እያለ ካሜራውን ወደ ታች ሰፈር ይዞት ይሄዳል፤ ሌላው ተረጋግቶ ሥራውን ይሠራል። ልጁ ይህን ያህል ፈጥኖ ማሰቡ ትንሽ አሳሰበኝ።

የሌሊቱ ነገር ለብቻው ነው። ካሜራ በጨለማ የሚያየው ዙሪያው ባሉት የኢንፍራሬድ መብራቶች ነው። 850 ናኖሜትር የሚባሉት ቀላ ብለው ይታያሉ፤ 940ዎቹ ጨርሶ አይታዩም፣ ርቀታቸው ግን ያጥራል። ይህን የተረዳ ሰው «ሌባው ካሜራ መኖሩን ይወቅ ወይስ አይወቅ?» በሚል ክርክር ቤተሰቡን ማታ ሙሉ ማስመሸት ይችላል፤ እኔ አስመሽቻለሁ። መብራቱና ሙቀቱ ትንኝ ሲጠራ፣ ትንኙን ፍለጋ ሸረሪት ትመጣና ሌንሱ ፊት ድሯን ትዘረጋለች። ድሩ በነፋስ በተነቃነቀ ቁጥር ስልክ ይጮሃል። «ለዚህ መፍትሔው ሰውን ከእንስሳ የሚለየው ነው» አለኝ አንዱ። «ድመት ቢያልፍ፣ ውሻ ቢያልፍ አይነግርህም፤ ሰው ሲሆን ብቻ ነው።»

«ጅብስ?» አለች ባለቤቴ።

«ጅብም ቢሆን ዝም ነው እህቴ፤ እንቅልፍሽን ነው የምትተኚው።»

«ጅብ ሲመጣ እኮ ነው መናገር ያለበት!» ብላ ጥላው ወጣች። ከየካ ተራራ ማታ ማታ ምን እንደሚወርድ የሚያውቅ ሰው ይፈርድላታል።

መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ እንደሚጠፋ፣ ሌባ ደግሞ ሥራ የሚገባው ያን ጊዜ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ በሲም ካርድና በፀሐይ የሚሠራው የሚወደደው ለዚህ ነው። ቪዲዮው የሚቀመጥበት የማስታወሻ ካርድም ቢሆን ሆዱ ጠባብ ነው። በሰከንድ 2 ሜጋቢት የሚቀዳ ካሜራ ቀን ከሌሊት ከሠራ በቀን ወደ 21 ጊጋባይት ይፈጃል፤ ባለ 64 ጊጋ ካርድ ሦስት ቀን ቢያቆይ ነው፣ ከዚያ የቀደመውን እየፋቀ በላዩ ይጽፋል። ለፋሲካ ክፍለ ሀገር ሄዶ በሳምንቱ የሚመለስ ሰው፣ ስፖኪዮ የሌላትን መኪና በጥሩ ጥራት ሲቀርጽ የሰነበተ ካሜራ ያገኛል። የይለፍ ቃሉን አለመቀየርም አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ቫይረስ፣ ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጣቸውን የይለፍ ቃል እንደያዙ የቀሩ ካሜራዎችንና መቅረጫዎችን ሰብስቦ አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ ድረ ገጾችን ያስቆመው በዚሁ ነበር። ሰው አጥር አሳጥሮ፣ አጥሩ ላይ ጠርሙስ ሰባብሮ፣ ቁልፉን በሩ ላይ ትቶ ይተኛል።

ከሁሉ የከበደኝን ጥያቄ ያመጡት ግን የሰፈራችን የጋራ ዘበኛ ናቸው። ካቦርታቸውን እንደለበሱ በር ላይ አገኙኝና «ይኼ የምትሰቅለው ነገር ሰዓት ይናገራል አሉ። በማን ሰዓት ነው የሚናገረው?» አሉኝ።

«በፈረንጅ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው እኔ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሰፈሩን ዞሬያለሁ ስል፣ እሱ ደግሞ 2 ሰዓት ነው ካለ፣ ማን ሊታመን ነው?»

ነገሩ ከዚህም የባሰ መሆኑን አስረዳኋቸው። የቻይናን ሰዓት እንደያዙ የሚመጡ ካሜራዎች አሉ፤ ቤጂንግ ደግሞ ከእኛ በ5 ሰዓት ትቀድማለች። ሰዓቱ ሳይስተካከል የተሰቀለ ካሜራ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተሰረቀውን ስፖኪዮ ልክ ንጋት ላይ፣ በእኛ 1 ሰዓት እንደተሰረቀ አድርጎ ይጽፈዋል።

ጋሼ ትንሽ አሰቡ። «በ1 ሰዓትማ ፈረቃዬ አልቋል» አሉ። «እሱን ግዛው።»

እኔ ግን የኛን ሰዓት የሚናገር ካሜራ ቆርጬ ተነሣሁ። ዘዴውን ያገኘሁት የዓለም ካርታ ላይ ነው። ብራዚሊያ ከእኛ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። የካሜራውን የሰዓት ቀጠና ወደዚያ መልሰን በ12 ሰዓት አቆጣጠር ካደረግነው፣ የሚጽፈው ቁጥር ከግድግዳ ሰዓታችን ጋር አንድ ይሆናል። ማታ 2 ሰዓት ሲሆን 2፣ ሌሊት 8 ሲሆን 8 ይላል። ቀኑንም የሚቀይረው በእኩለ ሌሊት አይደለም፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው፣ ልክ እንደ ሰው። ችግሩ አንዳንዱ ካሜራ ሰዓቱን ከስልክ ስለሚወስድ በጄ አይልም። ስለዚህ በየሱቁ እየገባሁ «ይኼ ካሜራ ብራዚል ላይ መሙላት ይቻላል?» ማለት ጀመርኩ።

«ብራዚል ልትሄድ ነው?» ይሉኛል።

«አይ፣ የካ ነኝ።»

መጨረሻ ላይ መገናኛ አንድ ፎቅ ላይ፣ ወደ ብራዚል እሺ ብሎ የሚዞር፣ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ውኃና አቧራ የማይገባው ተገኘ። የዚያን ዕለት አማቴም አብረውን ነበሩ። ሻጩ ስለ ጥራቱ ሲያወራ ዝም ብለው ሰሙትና «ልጄ፣ ሌባውን ሲያየው ምን ያደርገዋል?» አሉት።

«ይቀርጸዋል፣ ማዘር።»

«ከዚያስ?»

«ስልክ ላይ ይልካል።»

«ልጆቼ ተኝተዋል። ከዚያስ?»

ሻጩ ላብ ጠረገ። እኔ ከጎን ሆኜ፣ ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቀችው አንዲት አሜሪካዊት ነርስ ናት አልኳቸው። ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን ትባላለች፤ ኒው ዮርክ ኩዊንስ ውስጥ ትኖር ነበር። ፖሊስ ቶሎ አይደርስም ብላ በ1966 እ.ኤ.አ. ከባለቤቷ ጋር በር ላይ ካሜራ ያለው የቤት መጠበቂያ ለፈጠራ መብት አስመዘገበች፤ መብቱ የተሰጣቸው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። ታዲያ ዕቃው ማሳያ ብቻ አልነበረም፤ ውጭ ካለው ሰው ጋር መነጋገሪያና አደጋ ማሳወቂያ ቁልፍም ነበረው። «ብልህ ሴት» አሉ አማቴ፤ «መጮኺያ አብራ አስገብታለች።»

ይሄኔ ሻጩ ነቃ። «እሱማ አለው! ድምፅ ማጉያ አለው።» ከፈተው። ካሜራው በቻይና ለዛ የሆነ እንግሊዝኛ ተናገረ። አማቴ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ «ይኼ ሌባውን እንኳን ደህና መጣህ ነው ያለው?» አሉ። ሻጩም የራስን ድምፅ መቅዳት እንደሚቻል ነገራቸው። ስልኩን ተቀብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ጉሮሯቸውንም ጠረጉ።

ኡኡታውን እንደሰማሁት ልጽፈው አልችልም። «ኡኡ! የሰው ያለህ! ሌባ! ሌባ!» ነበር ቃሉ፤ ድምፁ ግን ካሜራ ሳይኖር ሌሊት ሰፈር ሙሉ ሰው ከነዱላው የሚያስወጣው ያ የጥንቱ ድምፅ ነው። በቁማቸው የጮኹት አንሶ ሻጩ ትክክል መቀዳቱን ለማረጋገጥ በማጉያው ደገመው። የፎቁ ሱቆች ሁሉ ተከፈቱ። የስልክ ጠጋኙ ከነካውያው፣ የሕንፃው ጥበቃ ከነዱላው፣ ታች ማኪያቶ ይጠጡ የነበሩት ሳይቀሩ ደረሱ። አንዱ ጎረምሳ ለማንኛውም ብሎ እኔን ያዘኝ።

ሻጩ እየማለ ካሜራ መሆኑን አስረዳ። ሕዝቡ ዝም ብሎ ካሜራዋን አያት። ከዚያ ከኋላ አንዱ «ስንት ነው እሱ?» አለ። ሌላው «ሁለት ካለ አንዱን አስቀርልኝ» አለ። ሻጩ እኛ ፊት፣ ዓይናችን እያየ፣ ለእኛ ከነገረን ላይ ጨመረ፤ ሦስተኛ ጠያቂ ሲመጣ እንደገና ጨመረ።

አማቴ ባንኮኒው ላይ ክርናቸውን አሳረፉ። «እኛ በፊተኛው ዋጋ ነው የምንወስደው» አሉት፤ «ከዚያም ላይ ደግሞ የጮኽኩበትን ትቀንሳለህ።»