ስለ ቁራኛ መመለስ የወጣ የፌዝ አዋጅ

ስማ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶ፣ በግንጪና በባኮ ያለህ አበዳሪ፣ ተበዳሪ፣ ዋስ ሆነህ ስልክህን ያጠፋኸውም ጭምር!

በቀድሞው ዘመን ባለገንዘብና ባለዕዳ ዕዳው እስኪከፈል በአንድ ሰንሰለት ይቆራኙ እንደነበር የታወቀ በመሆኑ፤

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ሲል፣ የባለሱቁ የዱቤ ደብተር ግን «ባለቀይ ሹራቡ፣ 2 ኪሎ ስኳር» ከማለት በቀር ፊርማ የማያውቅ ስለሆነ፤

ያው ሕግ ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ቢደነግግም፣ አራጣ አበዳሪው «በዓመት» የሚለውን «በወር» ብሎ ስላነበበው፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ የአበዳሪው ግራ እጅ ከተበዳሪው ቀኝ እጅ ጋር ይታሰራል። የሰንሰለቱ ዋጋ በዕዳው ላይ ይደመራል።

አንቀጽ 2፦ ቁራኞች ከአምቦ ግንጪ ሲሳፈሩ የሁለት ሰው ሂሳብ ይከፈላል፤ ከፋዩ አበዳሪው ነው፤ ሌላኛው ቢኖረው ኖሮ መች ይታሰር ነበር? ተበዳሪው ለቅሶ ሲደርስ አበዳሪው አብሮ ያለቅሳል፤ እድር ሲሄድ አብሮ ይቀመጣል፤ ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ፣ ሌሎቹ አበዳሪዎች ሲመጡበት አብሮ ይደበቃል። የአምቦ ውሃ ጠጥቶ ማግሳት እንደ ከፊል ክፍያ አይቆጠርም። (የአያቶቻችን ብልሃት እዚህ ላይ ይመስለናል፦ አሳሪውም ይታሰር ስለነበር «ተወው፣ ይቅር» ለማለት የሚፈጥነው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም።)

አንቀጽ 3፦ በጃርሶሊ (በሽማግሌዎች) ፊት «ለመስቀል እከፍላለሁ» ያለ ሰው የየትኛው ዓመት መስቀል እንደሆነ ይግለጽ።

አንቀጽ 4፦ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የባለዕዳው ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ አልጋና የሥራ መሣሪያ ለዕዳ እንዳይያዙ ከልክሏል። ስለዚህ፦

ሀ) ቴሌቪዥን አልጋ ላይ አስቀምጦ «የአልጋው አካል ነው» ማለት፣ ሶፋውንም በሌሊት ለጎረቤት ማሸከም ክልክል ነው፤

ለ) ሥራው መበደር የሆነ ሰው የሥራ መሣሪያው ምላሱ ስለሆነ አይያዝበትም።

አንቀጽ 5፦ በቴሌብር የተበደረ ሰው ሰንሰለት አያስፈልገውም። ከስልኩ ጋር ተቆራኝቶ አግኝተነዋል።

አንቀጽ 6፦ ይህን አዋጅ የሚቃረን ሕግ ሁሉ ተሽሯል፤ አዋጅ ቁጥር 97/1990 ግን አይነካም። በእርሱ መሠረት ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ደጅ ሳይጠና፣ በመያዣ የያዘውን ቤት በሐራጅ ይሸጣል። ባንኩንም ከባለዕዳው ጋር ልናቆራኘው ሞክረን ነበር። «እጅህን ስጥ» ብንለው ቅርንጫፉን ሰጠን።