የቅንድብ አጨዳ

ወረንጦ የተሠራው ለእሾህ ነበር። በልጅነቴ ከብት ስጠብቅ ከማተቤ ጋር አስሬው እዞር ነበር፤ እግሬ ላይ የተሰካውን ሁሉ እየለቀመ ለዚህ ያበቃኝ ባለውለታዬ ነው። ዛሬ እዚሁ ኮልፌ አጠና ተራ፣ በገዛ ቤቴ፣ የልጅ ልጄን ቅንድብ ሲለቅም ይውላል። ቅንድብ ምን በደለና ነው እንደ እሾህ የሚነቀለው?

ውበት ሳሎን መሄድ ቀርቷል፤ ሁሉም በቤት ሆኗል። ስልኩ የስኳር ዕቃውን ተደግፎ ይቆማል፤ ከውስጡ አንዲት ሴት ታስተምራለች። የእኛዋ የክሩን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፣ ሌላውን በጣቶቿ ጠምዝዛ የጓደኛዋን ግንባር ትጨርሳለች። ተጎጂዋ «ወይኔ እናቴ!» ስትል ደንግጬ ብነሳ፣ «አባባ፣ ቁጭ ይበሉ፤ እያማረብኝ ነው» አለችኝ፤ እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ።

ቅንድቡ ከሳሳ በኋላ ደግሞ ይቀባል። ልብ በሉልኝ፤ ያለውን ነቅሎ በባዶው ላይ ቀለም! እናቶቻችን እንሶስላ ሲሞቁ እጅና እግራቸውን ነበር። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ለዒድና ለሠርግ ሂና ይቀባሉ፤ ቀለሙ ቀላ ይላል፣ ያምራል። ይህ በቡና ሲኒዬ የተበጠበጠው ግን ጥቁር ነው። እውነተኛ ሂና እንዲህ አይጠቁርም፤ ሲጠቁር ብዙ ጊዜ ኬሚካል ገብቶበታል ማለት ነው። መነጽሬን አድርጌ ካርቶኑን አነበብኩ፤ እዚህ ቤት ከእኔ ሌላ የሚያነብ የለም። መጀመሪያ ከጆሮ ጀርባ ጥቂት ቀብታችሁ 48 ሰዓት ጠብቁ ይላል። «አባባ፣ ሠርጉ እኮ ነገ ነው!» አለችኝ። ቆዳ የሠርግ ቀን ያውቃል እንዴ? ከጆሮ ጀርባ ቢያሳክክ ማንም አያይም፤ ግንባር ካበጠ ግን ያ ሁሉ እድምተኛ ሙሽራዋን ትቶ ሚዜዋን ሲያይ ይውላል።

ደግሞ በሌላ ሰፈር ቢሆን እሺ። የእኛ ክፍለ ከተማ የቅንድብን ዋጋ ያውቃል። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ዋና ሥራው ሥጋ ደዌ ነበር። ያ በሽታ ሲጠና ቅንድብ ያራግፋል፤ የሚጀምረውም ከውጭው ጫፍ ነው። በእኛ ጊዜ ቅንድቡ የሳሳ ሰው ሲያልፍ ሰፈሩ ይንሾካሾክ፣ ይሸሸውም ነበር፤ በሽታው በመድኃኒት እንደሚድን እየታወቀ እንኳ። ሐኪሞች ቅንድብ ለመመለስ ጠጉር ያለበትን የራስ ቆዳ ቆርጠው ከዓይን በላይ የሚተክሉበት ቀዶ ሕክምና አለ። የተተከለው የራስ ጠጉር ነውና ማደጉን አያቆምም፤ ባለቤቱ በየጊዜው በመቀስ እየከረከመ ይኖራል። ሰው ለቅንድብ እስከዚህ ይደርሳል። የእኔዋ ሁለቱንም በነጻ ተሰጥታ ታጭዳለች።

ንግግሩስ? እኛ አገር ሰው «አዎ» ለማለት የግድ አፉን አይከፍትም፤ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ካደረገ ተስማምቷል። የልጅ ልጄ ቅንድብ ግን አሁን እንደተሰቀለ ቀርቷል። የታክሲው ረዳት «ጦር ኃይሎች?» ብሎ ሲያያት እሺ ያለች መስሎት በሩን ይዞ ይጠብቃል። ቆሎ ሻጩም መስፈር ይጀምራል። ከዚያ በኋላ በአፏ «አይ» ብትል ማን ይሰማታል?

እኔ ልጆቼን ያሳደግኩት በቅንድብ ነው። ዱላ አላነሳሁም። እንግዳ ፊት ሲያጠፉ ቅንድቤን ሰብሰብ ካደረግኩ ሁሉም ወደ ጓዳ ነበር። ይህቺ ልጅ ነገ ስትወልድ በምን ትቆጣለች? በቀለም?

«ይበቅላል፣ አባባ» ትለኛለች። ይበቅላል፤ ግን ወራት ይፈጃል። ደጋግመው ከሥሩ ሲነቅሉት ደግሞ ተስፋ ቆርጦ የሚቀርም አለ።

ባለቤቴን ፍረጂ አልኳት፤ ዝም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የወጣትነት ፎቶዋን ቀና ብዬ አየሁ፤ አፍሮዋ ትልቅ፣ ቅንድቧ በእርሳስ የተሰመረ። ከዚህች ሴት ፍርድ መጠበቄ!

ጭራሽ ከሱቅ የተገዛው ክር እየተበጠሰ ልጆቹን ሲያስቸግር፣ «የእኔ ፈትል ይጠነክራል» ብላ እንዝርቷን አነሳች። ለእኔ ጋቢ ትፈትላለች ከተባለ ስንት ክረምት አለፈ! ዓይኔ ደከመ፣ ጣቴ ደነዘዘ ስትል ነው የከረመችው። ለቅንድብ ሲሆን ግን ከቁርስ በኋላ ጀምራ ለምሳ አደረሰችው። ቀጭን ክር፣ አንድ ቋጠሮ የሌለበት፤ በእጄ ስቤ አይቼዋለሁ፣ አይበጠስም።