ከድጡ ወደ ችሎቱ

በመካነ ሰላምና በዙሪያው ባለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ በክረምት አዳልጦት የወደቀ ሰው በመጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ወጌሻ እንጂ ወደ ጠበቃ አይደለም። ጥፋቱ የማን ነው ቢባል መልሱ አንድ ነው፤ የድጡ። የአካባቢው ወረዳዎች ቦረናም ሳይንትም ሐምሌ ላይ ድጥ በድጥ ነውና ማን ይከሰሳል? ነገሩ መልኩን የሚለውጠው ውድቀቱ በሰው ደረጃ ላይ ሲሆን ነው። ፎቅ የሠራ ባለሀብት ሁሉ መወጣጫውን ሴራሚክ ያለብሳል። ጭቃ የረገጠ ጫማ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ሲወጣ የሚሆነውን የምታውቀው ግን ጠዋት ጠዋት በኦሞ የምታጥበው ልጅ ብቻ ናት።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ይካስ ይላል። በቁጥር 2077 ደግሞ ሕንጻው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ፣ አደጋው ያልታሰበ ቢሆንም፣ ኃላፊ ነው። የጠበቃ እንጀራ የሚጋገረው እዚህ ላይ ነው፤ ሰውየውን የጣለው ሕንጻው ነው ወይስ ውሃው? ውሃው ከሆነ ያፈሰሰው ሰው ጥፋት መረጋገጥ አለበት። ተከሳሹም ዝም አይልም። የከሳሹ ኮንጎ ጫማ ሶሉ አልቆ እንደነበር፣ አንድ ሁለት ብርሌ ቀምሶም እንደነበር ያነሳል፤ ተጎጂው በጥፋቱ ለጉዳቱ ካገዘ ካሳው ይቀነሳልና።

በእግሩ መቆም ያቃተው ሰው ጠበቃ ላቁም ብሎ ሲነሳ የመጀመሪያው እንቅፋት ዘመድ ነው። የ1958ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ የቅርብ ዘመድ ወክሎ እንዲከራከር ስለሚፈቅድ፣ ለቅሶ ቤት ወሬ የማያልቅበት አጎት «እኔ እያለሁ የምን ገንዘብ ማባከን!» ይላል። ከአጎቱ ያመለጠ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ እጅ ይወድቃል። ራፖር ጸሐፊ አቤቱታ ያሳምራል፤ «በማን አለብኝነት» የምትለዋን ሳይጨምር ግን ወረቀቱን አይሰጥም።

ፈቃድ ያለው ጠበቃ ጋ ሲደረስ ጥያቄው ሌላ ነው፤ የሐኪም ማስረጃ የታል? ወጌሻው አጥንቱን ቦታው መልሶታል፣ ማኅተም ግን የለውም። ምስክርስ? ሲወድቅ ያየው ብዙ ነበር፣ የሳቀውም እንዲሁ፤ ለምስክርነት ሲጠራ ግን ሁሉም ያን ሰዓት ፊቱን አዙሮ ነበር። ክፍያው በጽሑፍ ውል ቢታሰር ይበጃል፤ ይግባኙ በዋጋው ውስጥ ይሁን አይሁን፣ የዳኝነቱንም ክፍያ ማን እንደሚችል ያኔውኑ ይለይለታል። አቅም የሌለው በድኅነት ለመክሰስ ማመልከት ይችላል።

ሽማግሌዎች ነገሩን በእርቅ እንጨርሰው ማለታቸው አይቀርም፤ ብዙ ጊዜም ይሳካላቸዋል። ችግሩ «ከመስቀል በኋላ»፣ «ከአረፋ በኋላ» እየተባለ ሲገፋ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት ክሱ ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ተከሳሹ ይርጋ ይጠቅሳል።

የተፈረደለት ሰው የሕክምና ወጪውንና የቀረበትን ገቢ በጉዳቱ ልክ ያገኛል። በገበያ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በመውደቁ ለተሰማው ሐፍረት፣ ማለትም ለኅሊና ጉዳት፣ ቁጥር 2116 ያስቀመጠው ጣሪያ ግን 1,000 ብር ነው። ሕጉ ሲወጣ ይህ ገንዘብ ጥንድ በሬ ከነሞፈር ቀንበሩ ገዝቶ ይተርፍ ነበር። ዛሬ አንድ በግ ስለማይገዛ፣ ሐፍረቱን በነጻ መተው የመረጠ ደንበኛ ብዙም አይከስርም።