ፕሌትን በሐሰት የማስመስከር ዘዴ

የበቆሎ ቅጠል ጨምቆ፣ ቫይረስን በአንቲቦዲ በሚለየው በኤላይዛ ምርመራ የሚመረምር ባለሙያ ሐሰተኛ ውጤት ማግኘት ከፈለገ ማሽን መስበር አያስፈልገውም፤ ጥቃቅን የሚመስሉትን ሥራዎች መዝለል ይበቃዋል። በመጀመሪያ ባለ 96 ጉድጓዱን ፕሌት በአንድ ቫይረስ አንቲቦዲ ብቻ ይቀባ፤ ከዚያም ቀለም ያላወጣውን ተክል ሁሉ ጤነኛ ይበል። እ.ኤ.አ. በ2014 በኢትዮጵያ የተገኘው፣ ኤም ኤል ኤን የሚባለው የበቆሎ ገዳይ በሽታ ግን የሁለት ቫይረሶች ጥምረት ነው። አንዱ የበቆሎ ክሎሮቲክ ሞትል ቫይረስ ሲሆን፣ ሁለተኛው በምሥራቅ አፍሪካ በአብዛኛው የሸንኮራ አገዳ ሞዛይክ ቫይረስ ነው። አንዱን ብቻ የጠየቀ ምርመራ፣ ጓደኛው በትሪፕስ ወይም በክሽክሽ ተጭኖ እስኪመጣ ተክሉ ውስጥ የሚጠብቀውን ሌላውን በነጻ ያሰናብታል።

ቀጥሎ እጥበቱን ያሳጥር። ክላርክና አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1977 ለዕፅዋት ቫይረሶች ባስተዋወቁት ዘዴ፣ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የተጣበቀው አንቲቦዲ ቫይረሱን ይይዛል፤ ኢንዛይም የተሸከመው ሁለተኛው አንቲቦዲ በቫይረሱ ላይ ያርፋል፤ በመጨረሻ የሚጨመረው ፈሳሽ ኢንዛይሙ ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል። ቢጫው በቀጥታ የሚመሰክረው ስለ ኢንዛይሙ ነው። ምስክርነቱን ወደ ቫይረሱ የሚያደርሰው ያልተያዘውን ኢንዛይም ጠርጎ የሚያወጣው እጥበት ነው። ፕሌቱን ገልብጦ በወረቀት ፎጣ ላይ ደጋግሞ ላላንኳኳ ሰው፣ በጉድጓዱ ጥግ የቀረች ጠብታ ጤነኛውን ቅጠል በሽተኛ አድርጋ ታሳየዋለች።

በመጨረሻም ማነጻጸሪያዎቹን ይተው። አንቲቦዲ በውጭ ምንዛሪ ስለሚገዛ ጉድጓድ ማባከን አይገባም የሚሉ አሉ፤ ችግሩም እውነት ነው። ነገር ግን ለጤነኛ ቅጠል ሁለት፣ በሽታው ለተረጋገጠበት ሁለት፣ ለባዶ ፈሳሽ ሁለት ጉድጓድ ቢሰጥ 90 ይቀራል፤ እያንዳንዱ ናሙና በሁለት ጉድጓድ ቢገባም 45 ተክል ይመረመራል። ብዙዎች የጤነኛውን አማካይ የቀለም ንባብ እጥፍ እንደ ወሰን ይይዛሉ። ጤነኛው ቅጠል በ405 ናኖሜትር ብርሃን ምን እንደተነበበበት ካልታወቀ ወሰኑ ከየት ይመጣል? ስድስቱን የቆጠበ ዘጠናውን አባከነ። መብራት ሲጠፋ አንቲቦዲው ይበላሻል የሚለው ስጋትም ማነጻጸሪያን ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል፤ በሽታው የተረጋገጠበት ቅጠል ቢጫ ካልሆነ ጥፋቱ ከናሙናው እንዳልሆነ ወዲያው ይታወቃል።

ይህ ጥንቃቄ ለምዕራብ ሸዋ የቅንጦት ነገር አይደለም። በዞኑ ያለችው አምቦ የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር የሚካሄድበት ማዕከል መቀመጫ ናት፤ እንደ ቢኤች 660 ያሉት በሰፊው የተዘሩ ዲቃላ በቆሎዎች የወጡት ከባኮ ነው። የሞትል ቫይረሱ በጥቂቱም ቢሆን በዘር ይተላለፋል። ስለዚህ በሐሰት ጤነኛ የተባለ ዘር በሽታውን ወዳልደረሰበት ወረዳ ሊያደርስ፣ በሐሰት በሽተኛ የተባለ ማሳም የገበሬውን የዓመት ድካም ሊያስነቅል ይችላል። ማነጻጸሪያ የሌለበት ፕሌት፣ ቀለሙ የፈለገውን ቢሆን፣ ውጤት ተብሎ ሊመዘገብ አይገባም።